አስር ሰዓት ሲሆን እንግዳ ይውጣ

ገብረ መድኅን ዕድሜውን በሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲበሳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ሚስቱ ጥሩወርቅ ሱቋ ውስጥ በርበሬ ይመዝንልኛል ብላ ቋምጣ ነበር። እሱ ግን ፊሽካውን ጥሎ ሚዛን ከሚጨብጥ መቃብር ቢገባ ይመርጣል። ስለዚህ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ለአንድ ዓመት እንዲያስተምሩ ወደ ድሬዳዋ ለተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚራ በሚባለው ሰፈር ቤት ሲከራይላቸው፣ በረኝነቱን ተሻምቶ ያዘ።

ቤቱ ደንብ ነበረው። ደንቡን ያረቀቁት አዲስ አበባ ላይ ካፖርት ደርበው የተቀመጡ ሊቃውንት ናቸው፦ “እንግዳ የሚገባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አስር ብቻ ነው።” በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ውሻ እንኳ ጥላውን አይለቅም። ሱቅ ይዘጋል፤ ከተማው ሽርጡን አገልድሞ ወይ ይተኛል፣ ወይ ጫቱን ይቅማል። ፀሐይ ሳትበርድ እንግዳ ማስነሳት ደግሞ ከስድብ ይቆጠራል። ይህን ለሊቃውንቱ ማን ይንገራቸው? ሕዝብ ጠይቆ ደንብ ማውጣት በአገራችን ገና አልተፈለሰፈም!

ገብረ መድኅን ደንብ አይመረምርም፣ ያስፈጽማል። እንግዳ ሲመጣ ቁራጭ ካርቶን ይሰጠውና በድሮ መብሻው ይበሳለታል። አስር ሰዓት ሲሆን ፊሽካውን ነፍቶ “ተሳፋሪ ውረድ!” ይላል። ሸረፈዲን የሚባለውን ተማሪ ልትጠይቅ የመጣች አክስቱን ሃሊሞን፣ ጉርሻ አፏ ውስጥ እያለ አስወጥቷታል።

“ያ አላህ! መዋጥም ክልክል ነው?”

“ውጭ ይዋጣል፣ እሜቴ።”

አንድ ቀን የተማሪ ቤቶች ኃላፊው አቶ ወልደ ማርያም ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው ተባለ፤ ደንቡ ላልቶ ካገኘው በረኛው ይባረራል። ጥሩወርቅ ሚዛኗን ወለወለች።

ኃላፊው በሱፍ ልብስ ከነሰደርያው ላብ እያንጠፈጠፈ በስምንት ሰዓት ደረሰ። ገብረ መድኅን ካርቶን በሳለት።

“እኔ እንግዳ አይደለሁም፣ ኃላፊ ነኝ!”

“እዚህ ያድራሉ?”

“አላድርም።”

“እንግዲያው እንግዳ ነዎት፤ ይያዙ።”

ተማሪዎቹ አዘኑለት። “አቦ ጋሼ፣ በዚህ ሱፍ ይሞታሉ!” አለ ሸረፈዲን። ሱሪውን አስወልቀው ሽርጥ አስታጠቁት፣ ፍራሽ ላይ አጋደሙት፣ ጫት አቀረቡለት። “ለመቅመስ ያህል” ብሎ ጀመረ። አስር ሰዓት ሊሞላ ሲል የአገሪቱን ትምህርትና የባሕር ኃይል አስተካክሎ ጨርሶ ወደ እርሻው ተሻግሯል።

ፊሽካው ተነፋ። “ተሳፋሪ ውረድ!”

“ሂድ አንተ! ገና እርሻው ላይ ነኝ!”

ገብረ መድኅን ቆሞ አሰላ። ሰውየውን ቢያስወጣው ተቆጥቶ ያባርረዋል፤ ቢተወው ደግሞ ደንቡ ላልቷልና ያው መባረር ነው። በየትም ቢዞር መድረሻው በርበሬው ነው። መባረር ካልቀረ ደንብ አክብሮ መባረር ይሻላል አለና፣ ብብቱን ይዞ እየጎተተ አስወጥቶ በሩን ቀረቀረበት። አቶ ወልደ ማርያም በሽርጥና በካልሲ መንገድ ላይ ቀረ።

“ሱሪዬን!”

“ዕቃ ያለ ኃላፊ ፈቃድ ከግቢ አይወጣም፣ ጌታዬ። ደንብ ነው።”

“ኃላፊው እኔ ነኛ!”

“ታዲያ ይፍቀዱ እንጂ ምን ያስጮህዎታል?”

“ፈቅጃለሁ!”

ሱሪውና ጫማው በአጥሩ ላይ ተወረወሩ። ሲጨቃጨቁ ፀሐይ በርዳ ሰው መውጣት ጀምሯልና፣ ሽርጡን ለመፍታት አፍሮ ሱሪውን በላዩ አጠለቀው። ወተት ሻጯ ፋዱማ ቆማ ስታየው ቆየችና “ወላሂ፣ አዲስ አበባ ሁለቱንም ደርበው ነው እንዴ የሚለብሱት?” አለች። መንገደኛው በሳቅ ፈረሰ።

“ተባረሃል!” ብሎ ጮኸ ኃላፊው በበሩ ቀዳዳ።

“እሺ ጌታዬ። በምን ጥፋት ተባረርክ ቢሉኝ ምን ልበል?”

አቶ ወልደ ማርያም አፉን ከፈተ። ምርቃናው አእምሮውን ስሎለት ነበርና፣ የቢሮ ባልደረቦቹ የስንብቱን ደብዳቤ ተቀባብለው ሲያነቡ፣ ሽርጡ ላይ ሲደርሱም ሆዳቸውን ይዘው ሲንፈራፈሩ ቁልጭ ብሎ ታየው። 

“ደንቡ ተከብሯል” አለ ጥርሱን ነክሶ። “በረኛውም ይቀጥል!”

ይህን ብሎ፣ እንደ እርጉዝ ያበጠ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው ተፈተለከ።