የዜኖን ሁለተኛዋ መስመር

ፍኖተ ሰላም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አዲሱን የኬሚስትሪ አስተማሪያችንን ማንም አላመናቸውም። ከቡሬ ተዛውረው የመጡ ወጣት ነበሩ። ለምን እንደተዛወሩ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም የመሰለውን ያወራ ነበር፤ ዲግሪያቸውን የሚጠራጠር ሳይቀር። እኔም ከማንኩሳ መጥቼ ከእህቴ ጋር ቤት ተከራይቼ የምማር ነበርኩና ሰው ቶሎ ማመን አልወድም።

ጥርጣሬዬ የጠናው ከኖብል ጋዞች አንዱ ስለሆነው ስለ ዜኖን ሲያስተምሩን ነው። ባለፈው ዓመት ያስተማሩን ሽማግሌ፣ ኖብል ጋዞች ኤሌክትሮናቸው የሞላላቸው ስለሆኑ ከማንም ጋር አይጣመሩም ብለውን ነበር። እኒህ ደግሞ ዜኖን ከፍሎሪንም ከኦክስጅንም ጋር ይጣመራል አሉ። በዜኖንና በኦክስጅን መካከል ትስስራቸውን የሚያሳይ ሁለት መስመር አሰመሩ፤ አንዷ ሲግማ፣ ሁለተኛዋ ፓይ ቦንድ መሆኗን ነገሩን። እጄን አነሣሁ።

«ቲቸር፣ የሞላለት ምን አጥቶ ይጣመራል? ሁለተኛዋስ በየትኛው ኦርቢታል ነው የምትሠራው?»

ጥያቄዬን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ሰኞ እንደሚመልሱልኝ ተናግረው ሰሌዳውን አጠፉ። ክፍሉ ተሳሳቀ። ተያዙ ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጅጋ ገበያ ሽማግሌውን አስተማሪ በግ ሲያማርጡ አገኘኋቸው። እንዲፈርዱልኝ ብዬ ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የበጉን ወገብ እየዳሰሱ ሰሙኝ። ዜኖን እንደሚጣመር እሳቸው ተማሪ ሳሉም ይታወቅ እንደነበር፣ ለእኛ ግን ለማቅለል ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ስለ ፓይዋ ስጠይቃቸው ወጣቱን እንድጠይቅ መከሩኝ። ማንን እንደምጠረጥር ግራ ገባኝ።

ሰኞ አስተማሪያችን ከጥያቄዬ ጀመሩ። የዜኖን የውጭ ኤሌክትሮኖች ከመካከሉ ስለሚርቁ፣ እንደ ፍሎሪንና ኦክስጅን ያለ ብርቱ ሳቢ ሊጋራቸው ይችላል አሉ። ቀጥለው የሁለት እጃቸውን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ገጠሙ፤ ሲግማ ኦርቢታሎች፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው ቦታዎች፣ እንዲህ ፊት ለፊት መደራረባቸው ነው። ከዚያ እጆቻቸውን ትይዩ አቆሙ፤ ፓይ ደግሞ ጎን ለጎን ቆሞ ከላይና ከታች መደራረብ ነው። መጽሐፉ ይህን የሚሠራው የዜኖን ዲ ኦርቢታል ነው ይላል። ያ ኦርቢታል ግን ሰፊና የሳሳ፣ የኦክስጅኑ ፒ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ በደንብ አይደራረቡም። አሁን ብዙዎች ሲግማውን እንዳለ ተቀብለው ቀሪውን የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መሳሳብ ነው ይሉታል።

«ሁለተኛዋን መስመር እኔም እጠረጥራታለሁ» አሉ። «ለፈተና ግን አስምሯት።»

ስንወጣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «አያውቁም አላልኩሽም?» አለችኝ። ሐሜቱ ዓመቱ እስኪያልቅ አልቆመም። እኔ ግን የሚያስተምረውን ነገር እጠረጥራለሁ ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር አስተማሪ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበርና እሳቸውን መጠርጠር ተውኩ። መጽሐፉን ግን ዛሬም በጎሪጥ ነው የማየው።