ግራው ሠላሳ ሁለት፣ ቀኙ ሠላሳ ሦስት

እትዬ ጥንድ የሚለውን ስም ያወጡላት የጫማ ፋብሪካው ልጆች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ግራና ቀኙን ስታገናኝ፣ ቁጥሩን ስታይ፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ኖራለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግን ቤት አላስቀምጥ አላት። ሰው ልትጠይቅ ሄዳ እንኳ ደጅ የወለቀውን ጫማ አጎንብሳ በጥንድ በጥንድ ስትደረድር ተገኝታለች።

የወንድሟ ልጅ ለችግረኛ ልጆች የበዓል ስጦታ የሚያዘጋጅ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። "አክስቴ፣ ሦስት ቀን ብቻ እርጂን" ስትላት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ በየሳጥኑ ደብተር፣ እርሳስ፣ ሳሙና፣ ካልሲ፣ የሸራ ጫማና አንድ መጫወቻ ይገባል። የሸራ ጫማው የእሷ ድርሻ ሆነ። ሁለት ቀን ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጇ ደወለች፤ ባሏ ሥራ ተቀይሮ ሌላ ከተማ ሊገቡ ነው። እትዬ ጥንድ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ "እሺ፣ እሺ" ስትል እጇ ብቻውን ማሸጉን ቀጠለ።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ሲጸዳ ሁለት ጫማ ተረፈ። ገልብጣ አየቻቸው፤ ግራው ሠላሳ ሦስት፣ ቀኙ ሠላሳ ሁለት። የወንድሟን ልጅ ጠራቻት።

"አንዱ ሳጥን ውስጥ ግራው ሠላሳ ሁለት፣ ቀኙ ሠላሳ ሦስት ገብቷል" አለች።

"አክስቴ፣ መቶ ሰማንያ ሳጥን ታሽጎ ተጭኗል። ከየት ብለን እናገኘዋለን?"

ጭነቱን በገመድ የሚያስረው ሾፌር ጣልቃ ገባ። "እትዬ፣ በነፃ ለሚሰጥ ነገር ይኼን ያህል አይጨነቁ። አንድ ቁጥር ምን ያመጣል?"

"እግር እኮ በነፃ መሆኑን አያውቅም" አለችው።

መኪናው ላይ ወጥታ አሥራ አንድ ሳጥን ከፈተች። ሁሉም ልክ ነበር። ሾፌሩ መንገድ አለብኝ ብሎ ጡሩምባ ነፋ። ስትወርድ ወደ ቤቷ የምትሄድ መስሏቸው ነበር፤ እሷ ግን ዞራ ጋቢና ገባችና ሁለቱን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ዘጋች።

መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። መሀል ላይ ልጇ ጋ ደወለች። "ወደ አዲሱ ከተማችሁ በአውቶቡስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" ብላ ጠየቀች። ስድስት ሰዓት መሆኑን ስትሰማ "ደህና" ብላ ዘጋችው።

"ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ" አላት ሾፌሩ።

"ያረፍኩ ዕለት ነው የሚያመኝ።"

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሳጥኑ ሲታደል ሌላው ሰው የልጆቹን ፊት ያያል፤ እሷ እግር እግራቸውን። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ማሰሪያውን ታስራለች፣ ትራመዳለች፣ ተቀምጣ ደግሞ ትፈታለች።

"ይጠብሻል?"

ልጅቷ እግሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች። "አይጠበኝም። ልኬ ነው።"

እንዳትነጠቅ መፍራቷ ለእትዬ ጥንድ ገባት። ተንበረከከችና የያዘችውን ግራ ጫማ አሳየቻት። "አልወስድብሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ላስተካክል ነው የመጣሁት።"

ልጅቷ ለአፍታ አየቻትና ግራ እግሯን ቀስ ብላ ዘረጋች። "ይኼ ብቻ፣ ትንሽ።"

ለወጠችላት። ልጅቷ ዞር ብላም ሳታይ ሮጠች። የተረፈውን ሠላሳ ሁለት ቁጥር ጥንድ መምህሯ ለሌላ ልጅ ተቀበለቻት።

ሲመለሱ ሾፌሩ "አሁንስ አረፉ?" አላት።

"ስልክ እያወራሁ ስንቱን አሳስቼ እንዳሸግኩ በምን አውቃለሁ?" አለችው።

በዓመቱ ማኅበሩ የሳጥን ማሸጊያውን ፕላስተር ለእሷ ሰጣት። እሷ ያላየችው ሳጥን አይዘጋም። ወጣቶቹ ታዘገየናለች እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ሾፌሩ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል።