የተጠረገ ቦታ

የእስር ክፍሉ በር ላይ መጀመሪያ ያየሁት የጫማ መደዳ ነው። ሸራ ጫማ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ክሩ የተፈታ የቢሮ ጫማ፣ ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተደርድረዋል። ፖሊሱ ከኋላዬ በሩን ሲዘጋው እኔ ገና ጫማዎቹን እያየሁ ነበር።

«አውልቅ» አለኝ አንድ ወፍራም ሰውዬ። ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ የመረጡት የክፍሉ አለቃ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅኩት። «እዚህ በጫማ አይገባም። መሬቱ አልጋችን ነው። አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው፤ ስምህ ሲጠራ ሳትደናበር ትወጣለህ።»

ይህን ሲለኝ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። መምህሬም እንጦጦ ላይ፣ ባህር ዛፉ ሥር፣ «ጫማችሁን አውልቁ፤ የምንቀመጥበት ነው» ይሉን ነበር። ከተያዝኩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ እሳቸውን የሚያስታውሰኝ ነገር ሁሉ መልካም ምልክት ይመስለኝ ነበር።

የተያዝነው ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያው ከተቀመጥንበት ነው። ሰባት ነበርን። ዓይናችንን ጨፍነን ትንፋሻችንን እያዳመጥን ሳለ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። መምህሬ ሐሳብም ሆነ ድምፅ ሲመጣ «ይምጣ፣ ይሂድ በሉት» ስለሚሉን፣ እኔም ይምጣ፣ ይሂድ አልኩ። መጣ እንጂ አልሄደም። ዓይኔን ስገልጥ ፖሊሶች ከበውን ቆመዋል።

አምስቱን የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መክረው ለቀቋቸው። መምህሬንና እኔን አስቀሩን፤ እሳቸውን በግቢው ማዶ ካለው የሴቶች ክፍል አስገቧቸው። ምክንያቱ አንድ ወረቀት ነው። የካ ውስጥ ተዳፋቱ ላይ ያሉት አሮጌ ቤቶች ሊፈርሱ ነው ሲባል፣ ጎረቤቶቻቸው መምህሬን አቤቱታ እንዲጽፉላቸው ለመኗቸው፤ ጻፉላቸው። እኔ ደግሞ ሲግናል አካባቢ ካለችኝ ፎቶኮፒ ቤት አባዛሁት። ጊዜው ስብሰባ የተከለከለበት ሰሞን ነበር። አቤቱታውና ጫካ ውስጥ መቀመጡ ሲደመሩ አድማ ሆኑ።

መምህሬ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሕንድ ሄደው ከዲግሪያቸው ጋር ቁጭ ማለትን ይዘው ተመለሱ። ዮጋ የሚለውን ቃል እንኳ ብዙ አይጠሩትም። «ቅዳሜ ቁጭ፣ እሁድ ቅዳሴ» ይላሉ፤ አንዱ ከሌላው ሲጋጭባቸው አይቼ አላውቅም። «መምህር» ስንላቸው «ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ተማሪ የለኝም» ይሉናል። እኔ ግን ስድስት ዓመት ስከተላቸው በልቤ ራሴን የበኩር ተማሪ አድርጌ ሾሜ ነበር። አንድ ቀን ስሜቴ ገንፍሎ ጉልበታቸው ላይ ብደፋ መጥረጊያ አቀበሉኝ።

«ለእኔ የምታጎነብሰውን ወገብ ለዚህ አውለው» አሉኝ። ከመቀመጣችን በፊት ሁልጊዜ ቦታውን የሚጠርጉት ራሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ስጠርግ አፈርኩም፣ ኮራሁም።

ትምህርታቸው ረጅም አልነበረም። ከሁሉ በፊት አትጉዳ፣ ቀጥሎ አትዋሽ። «ሁለቱ ሲጣሉስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንዴ፣ ጎበዝ ተማሪ ለመባል። «ዝም ይባላል» አሉኝ። «ዝም ማለት ካልተቻለ ደግሞ፣ ቢላ ለሰው ስታቀብል በየት በኩል ነው የምትሰጠው? እውነትንም እጀታውን አዙረህ ስጥ።» አባባሉን ወድጄው ፎቶኮፒ ቤቴ ግድግዳ ላይ ልጽፈው ነበር። እንዳልገባኝ የገባኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ክፍሉ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። የምንተኛው በጎን፣ ተደርድረን ነው፤ በጀርባው የሚተኛ ሰው የሁለት ሰው ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ካቦው አንድ ሥርዓት አውጥቷል። ከምሳ በኋላ አብዛኛው ሰው ፀሐይ ሊሞቅ ግቢ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ቀርቶ በጀርባው ይንጋለላል። ይህንንም «ጀርባ» ይሉታል። «ዛሬ ጀርባ የማን ነው?» ይላል ካቦው፤ ባለተራው እጁን ያወጣል። መምህሬ ቅዳሜ ቅዳሜ መጨረሻ ላይ እንደ ሬሳ ዘርግተው ያስተኙን ነበር። «ከሁሉ የሚከብደው ይሄኛው ነው» ሲሉን ቀልድ ይመስለኝ ነበር። እኔማ አንኮራፋ ነበር።

አጠገቤ የሚተኛው ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ባለ ጸሎት ቤት የሚያገለግል ወንጌላዊ ነበር፤ እኩያዬ ነው። ስብከቱ መሃል ስለሚፈርሱት ቤቶች አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ነው የታሰረው። በምን እንደመጣሁ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ለሴትዮዋ ትሰግዱላታላችሁ?»

«ኧረ አንሰግድም። እንጠርጋለን።»

አልሳቀም። «ወንድሜ፣ መንፈስ ነው» አለና እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ይጸልይልኝ ጀመር። ትንሽ ድምፁን ቢቀንስልኝ ጠየቅሁት፤ ቀነሰልኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እኔ ተቀምጬ ስተነፍስ፣ እሱ በሹክሹክታ መንፈሱን ከእኔ ሲያስወጣ፣ ተላምደን ኖርን።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ጽሑፉን ሳላነበው አወቅኩት። ሥራዬ የሰው ወረቀት ማባዛት ነው፤ የመምህሬን ክብ ክብ ፊደል ደግሞ ስንቴ አባዝቼዋለሁ።

«ተማሪ የለኝም። ይህ ሰው በመንገድ ሲያልፍ የጠረግሁትን ቦታ አይቶ የተቀመጠ ነው። ማንነቱን አላውቅም።»

ከሥሩ ፊርማቸው አለ።

«አየህ?» አለኝ። «አላውቀውም ብላሃለች። ስድስት ዓመት የተከተልካት ሴትዮ።»

ሌላ ወረቀት አወጣ፤ ይኼኛው በኮምፒውተር የተጻፈ ነው። መምህሬ ጫካ የሚሰበስቡን ነዋሪውን ለአድማ ለማነሳሳት እንደነበር፣ እኔም ይህን በጆሮዬ እንደሰማሁ ይላል። «እዚህ ፈርም፣ ዛሬ ቤትህ ትገባለህ። ካልፈረምክ አብረሃት ትከሰሳለህ። ለማታውቅህ ሴት ምን አገባህ? ከምሳ በኋላ እጠራሃለሁ።»

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ብፈርም እሳቸው ይከሰሳሉ፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት፣ ስንት ዓመት ሲሚንቶ ላይ እንደሚተኙ እንጃ። ይህን አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከእሳቸው ጉልበት ይልቅ ያመመኝ «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ናት። ተቀየምኩ። ልፈርም አስቤም ነበር። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ምሳ ተበላ፤ ሰዉ ጫማውን እያጠለቀ ወጣ። «ዛሬ ጀርባ የማን ነው?» አለ ካቦው። የእኔ ነበር። ወንጌላዊው ግን ከጠዋት ጀምሮ ወገቡ ተይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ያቃስታል።

«ተራዬን ውሰድ» አልኩት። «እኔ ዛሬ አልፈልገውም።»

«እንደ እናንተ ሆኖ መተኛት ከሆነ ይቅርብኝ።»

«እንደ ሰው ነው የምትተኛው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁም ወገቡን አሳመመው። ካቦው «እኔ የለሁበትም» ብሎን ወጣ። ወንጌላዊው ተንጋለለ፤ እጁን ግን ሊማታ እንደተዘጋጀ ሰው ጨብጦታል። ልማድ ሆኖብኝ አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ «እጅህን ፍታው» አልኩት። «መንጋጋህንም ልቀቀው። እግርህ ወደ ፈለገበት ይውደቅ። አንተ የራስህን ጸሎት ጸልይ፤ እኔ ሌላ ቃል አልናገርም።» ቀስ ቀስ እያለ ጣቶቹ ተከፈቱ። ከላይ ካለችው መስኮት የምትገባው ብርሃን ሆዱ ላይ አርፋ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ትል ነበር። ነፋሱ ከእንጦጦ ወረደና ክፍሉ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ሸተተ።

«ምን ሰምተህ ነው የመጣኸው?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ነገርኩት። «ካዱኝ» አልኩት በመጨረሻ።

የተኛ መስሎኝ ነበር። «ጴጥሮስ ጌታን የካደው ራሱን ለማዳን ነው» አለ ኋላ። «እሳት እየሞቀ።»

«አዎ።»

«እሳቸው አንተን የካዱት ማንን ለማዳን ነው?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ሴትዮዋ» ሲላቸው ነው የቆየው። አሁን «እሳቸው» አላቸው። ብድግ ብሎ ተቀመጠና ቦታውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ቀሪው ያንተ ነው፤ ወገቤ ለቆልኛል።»

ተንጋለልኩ። ሲሚንቶው መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ግድግዳው ራቀ፤ የግቢው ጫጫታ ከሸለቆ ማዶ የሚመጣ ሆነ። የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፤ የእንጦጦን ዳገት እየወጣሁ ነው። የወንድሜን አርባ ካወጣን በማግስቱ ነው፤ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላቃተኝ ብቻ ነው የምወጣው። ዛፎቹ መሃል አንድ የተጠረገ ቦታ አየሁ፤ የአልጋ ያህል ነው፤ የመጥረጊያው ጭረት ገና አለበት። ማን ጠረገው ሳልል ተቀመጥኩ። ነጠላ የለበሱ ሴትዮ መጡ፣ አዩኝ፣ ማነህ ሳይሉኝ አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ተነፈሱ። ፀሐይ ስትበረታ ተነሡና፣ «ማንነትህን አላውቅም» አሉኝ። «አንተም የምታውቀው አይመስለኝም። ሰው ለማወቅ ነው የሚቀመጠው።»

ዓይኔን ስገልጥ ጣሪያው ላይ ያለው እርጥበት እንዳለ ነው። ወረቀቱን በቃሌ አነበብኩት። ተማሪ የለኝም። በመንገድ ሲያልፍ የጠረግሁትን ቦታ አይቶ የተቀመጠ ነው። ማንነቱን አላውቅም። አንዲት ሐሰት የለበትም። እንኳን ሊክዱኝ፣ እጀታውን ወደ እኔ አዙረው አቀብለውኛል። እኔ ስለቱን ለመያዝ ስንደፋደፍ ነበር የዋልኩት። ተንጋልዬ እንዳለሁ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ።

ስሜ ተጠራ። ጫማዬ አፍንጫው ወደ ውጭ ነበር፤ ሳልደናበር ወጣሁ።

«ወሰንክ?» አለኝ መርማሪው።

«ባዶ ወረቀት ይስጡኝ።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በመንገድ ሳልፍ የተጠረገ ቦታ አይቼ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ስለ አድማ ያሉኝ ነገር የለም። መምህሬ አይደሉም።» የመጨረሻዋ ላይ እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ። ስድስት ዓመት የተሸለምኩባትን ሹመት በገዛ እጄ መግፈፍ ነው። ግን መምህር ነኝ ብለውኝ አያውቁም፤ ሹመቱ የእኔ ፈጠራ ነው። ጻፍኳት፣ ፈረምኩ። የተጻፈልኝን ወረቀት ሳልፈርም መለስኩለት።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበ።

«ተነጋግራችኋል?»

«የት ተገናኝተን?»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ቁጭ ብለን ነበር።»

ጠዋት ሳልጠጣው የተውኩትን የቀዘቀዘ ሻይ አንሥቶ ራሱ ጠጣው። ሰውየው ደክሞታል፤ አዘንኩለት ብል ማንም አያምነኝም።

ክፍሉ ስመለስ ከካቦው መጥረጊያ ለመንኩና ወንጌላዊው የሚተኛበትን ቦታ ጠረግሁ። ምንም ሳይጠይቀኝ እግሩን አነሣልኝ። ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ ሁለታችን በተራ ጠረግን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ፤ መምህሬ ደግሞ ከእኔ አሥር ቀን ዘግይተው፣ ሁለታችንም ያለ ክስ። ቤቶቹ ፈረሱ፤ የእሳቸውም ፈረሰ። አሁን ሲ.ኤም.ሲ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። እዚያ ባሉት ፎቆች መሃል ቅጠል የሚባል ነገር ስለሌለ የሚጠርጉት እንዳጡ ልጃቸው ነግራኛለች።

በተፈቱ በሁለተኛው ቅዳሜ ቀድሜያቸው ወጣሁና ቦታውን ጠርጌ ተቀመጥኩ። ጉልበታቸውን እየያዙ ዳገቱን መጡ። ከስተዋል። «መምህሬ» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አጠገቤ ቆመው ጭረቱን አዩ።

«ልጄ፣ ይህ ቦታ ሰው አለው?»

«የለውም። የተጠረገ ነው፤ ይቀመጡ።»

እስከ ዛሬ ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አላወራንም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ድሮ መምህሬ ጫማቸውን እንዳወለቁት ነበር የሚተዉት፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብለው ጎን ለጎን አደረጉትና አፍንጫውን ወደ ውጭ አዞሩት። ከዚያ የእኔን አዩ። የእኔም ወደ ውጭ ነበር።