ለአምስት የሚበቃ ውሃ

ቲማቲም ከዘር ማብቀል አያስቸግርም፤ እንደ አረም ይበቅላል። የሚያስቸግረው ስንት እግር ይበቃል የሚለው ነው። ሐረር በመምህርነት በተመደብኩበት ዓመት ይህን ነገር ስንት ሳምንት ሙሉ አሰላሁት። ያውም የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። እንዲያም ሆኖ ተሳሳትኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ምድብ ሲወጣ ጓደኞቼ አዲስ አበባና ናዝሬት ሲደርሳቸው እኔን ሐረር ጣሉኝ። አገሬ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከብርዱ አገር በቀር ሌላ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር በሚወርድ ቀጭን መንገድ ላይ፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባልቴቷ የከተማው ተወላጅ ሐረሪ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ድሬዳዋ ተድረዋል። ከጎረቤት ጋር የሚያወሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ለገበያና ለእኔ ነበር ያስቀመጡት። ለእኔም ብዙ አያባክኑትም ነበር።

ብቻዬን ነበርኩ። ይህን ማሳመር አያስፈልግም። አርባ ልጅ ሲንጫጫብኝ ውዬ ቤት ስገባ የሚያናግረኝ ሰው የለም። እሑድማ አይጣል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ልብሴን አጥባለሁ፣ ደብተር አርማለሁ፣ አሁንም ጀምበሯ አልጠለቀችም። ከባልቴቷ ጋር ግቢ እንጂ ማዕድ አንጋራም። የእሳቸው ሥጋ የእስላም፣ የእኔ የክርስቲያን ነው፤ ድስታችን አይገናኝም። ስለዚህ እሳቸው በዚያ ጥግ እኔ በዚህ ጥግ ምድጃችንን አንድደን፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተን እንበላለን። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። እንደምን አደርሽ ይሉኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላቸዋለሁ፣ የቀኑ ወሬያችን በዚያ ያልቃል።

ተስፋዬ እናቴ ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ከእኔ ሌላም ልጅ የላትም። «ነይ አብረን እንኑር፣ ክፍሏ ለሁለት ትበቃለች፣ አገሩም ሞቃት ነው፣ ለቁርጥማትሽ ይበጅሻል» እያልኩ እጽፍላታለሁ። እሷ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤዬን የሚያነብላት፣ መልሷንም የሚጽፍላት የሰፈሩ ዲያቆን ነው። በገና ሰሞን መልስ መጣ። ከሰላምታው ሁሉ በታች «ፋሲካን እዚህ ልዋልና እመጣለሁ» ይላል። ያችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልናገርም፤ ያሳፍረኛል።

እናቴ ቲማቲም ነፍሷ ነው። ጾም ሲገባ በቃሪያና በሽንኩርት ከትፋ እንጀራ ትፈተፍትበታለች፤ ያን ቀን ሌላ ምግብ አታይም። ደብረ ብርሃን ውርጩ ስለማያስበቅለው ከቆላ የሚያመጡትን ነጋዴዎች ትጠብቃለች። ሁለት ሦስት ፍሬ ገዝታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ እየተራመደች ትመጣለች። ታዲያ አሰብኩ። ከፋሲካ በኋላ ከመጣች የሰኔ ጾም እዚሁ እኔ ጋ ይይዛታል። ያን ጊዜ ቲማቲሙ ደጃፉ ላይ ቀልቶ ቢጠብቃትስ? ከመኝታዋ ተነስታ ከእግሩ ላይ ብትቀጥፍስ? ይህን እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ጥር ላይ ኤረር በር ወረድኩና ከድሬ ጠያራ አትክልት ይዘው ከሚመጡት ሴቶች ከአንዷ ዘንድ እጅግ የበሰለውን ቲማቲም፣ ሊፈርጥ የደረሰውን መረጥኩ። ሴትዮዋ ደህናውን ብታቀርብልኝ እምቢ አልኳት። ለጓደኛዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገረቻትና ተያይዘው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ዘሩን ጨምቄ ወረቀት ላይ አደረቅሁና በወተት ጣሳ ዘራሁት። በዘጠነኛው ቀን ሃያ ስድስት ችግኝ ብቅ አለ።

ባልቴቷ ጣሳው ላይ ጎንበስ ብለው አዩና «ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለእኔና ለእናቴ ነው፣ እማማ።»

«እናትሽ መጡ ወይ?»

«ትመጣለች። ከፋሲካ በኋላ።»

«ኢንሻአላህ በይ» አሉና ቀና አሉ። «ለአንድ አፍ ሁለት እግር ይበቃል። አራት አስቀሪ፣ ሌላውን ንቀዪ። እኛ አገር ዘር አይቆጠርም፣ ውሃ ነው የሚቆጠረው።»

እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ ቦኖ ውሃ ሁለት ቀን ከመጣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ፊቴን የታጠብኩበትን ውሃ በሳህን አስቀምጬ እግሬን የምታጠብበት አገር ነው። እኔ ግን አራት ማለት ጥቂት መስሎ ታየኝ። እናቴ በቀን ሁለት ፍሬ ትበላለች። ሰው ደግሞ ትወዳለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ይዛ መምጣቷ አይቀርም፤ ለእነሱም ይቀርባል። ካገር ቤት እሷን ሊጠይቅ የሚመጣም አይጠፋም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰዉን ሁሉ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጥኩና ዘጠኝ እግር ላይ ደረስኩ። እንዲህ ያለ ስሌት ተማሪ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

«ዘጠኝ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ውሃውን አንቺ ትቀጃለሽ» አሉኝ።

«እቀዳለሁ» አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ዛሬም አልተወኝም።

አሥራ ሰባቱን እየሳሳሁላቸው ነቀልኩ። ዘጠኙን በዘይት ቆርቆሮ አዛውሬ በግቢው ግንብ ሥር ደረደርኳቸው። ጎህ ሲቀድ ባልዲዬን ይዤ ቦኖ እሰለፋለሁ። ተማሪዎቼ መምህርታቸው ውሃ ተሸክማ ስትወጣ እያዩ ይጠቃቀሳሉ። ምን ገዶኝ። ያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ የእኔ ቲማቲሞች ግን ጉልበት ደረሱ፣ አበባም ያዙ። ለእናቴ አልጋ አሠራሁ፤ ፍራሹን በፀሐይ አሰጣሁ።

ፋሲካን ብቻዬን ፈሰክሁ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ከትምህርት ቤት ስወጣ መኪና በሚቆምበት በፈረስ መጋላ በኩል እዞራለሁ፤ ከመኪና የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አያለሁ። ነጠላዋን እንደ እናቴ የምታጣፋ ሴት ካየሁ ፊቷን እስካይ እከተላታለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉት የእኔን ነው።

ግንቦት ላይ የአገሬ ልጅ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በሶ ይዞልኛል።

«እናትሽ ደህና ነች» አለ። መሬት መሬቱን ያያል።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«አትመጣም። እንዲህ በላት ብላኛለች፤ እድሬን ጥዬ የት እሄዳለሁ? በሰው አገር ብሞት ማን ያነሳኛል?»

በሶውን ተቀበልኩት። አመሰግናለሁ ማለቴንም እንጃ። እድሩን ከመሠረቱት ሴቶች አንዷ እሷ ነች። በየወሩ ስትሰበሰብ፣ ለቅሶ ስትደርስ፣ ድንኳን ሥር ስታድር ነው ያደግሁት። ስንቱን ሰው ሸኝታለች፤ የራሷ ተራ እንዳያመልጣት ፈራች። ይህን ዛሬ እንዲህ እናገረዋለሁ እንጂ ያን ቀን የገባኝ ሌላ ነው። አብራት ልትኖር የምትፈልግ ልጇን ትታ የሚቀብሯትን መረጠች አልኩ።

ቦኖ መውረዴን ተውኩ። ይድረቁ አልኩ። ለባልቴቷም የነገርኳቸው ነገር የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ስወጣም ስገባም ወደ ግንቡ አላይም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቀን አሞኝ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብዬ ገባሁ። ባልቴቷ ለከሰዓቱ ሶላት እየታጠቡ፣ ውዱእ እያደረጉ ነው። ዱሮ የሚታጠቡት ደጃፋቸው ባለው ድንጋይ ላይ ነበር። አሁን ግን በርጩማቸውን ወደ ግንቡ ወስደው፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘው አንዱ ቆርቆሮ ላይ ጎንበስ ብለዋል። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ሲታጠቡ ውሃው ከቲማቲሙ ሥር ይወርዳል። በመጨረሻ እግራቸውን በቆርቆሮው አፍ ላይ አሳርፈው አፈሰሱበት። ያን ጊዜ ነው ግንቡን ያየሁት። አራቱ ደርቀዋል። አምስቱ ግን ለምልመው ፍሬ ይዘዋል።

«ለምን አምስቱን ብቻ አጠጡ?» አልኳቸው። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

«ሶላቴ በቀን አምስት ነው፣ ልጄ። ለስድስተኛው ውሃ የለኝም።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ቀና ሲሉ «እናትሽ እንደማይመጡ ያወቅሁት ውሃ መቅዳት ስትተዪ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሶላታቸውን ሊሰግዱ ገቡ። እኔ ደረቁን አራት እግር ነቅዬ ቆርቆሮዎቹን ደረደርኩ፤ እያለቀስኩ ነበር።

በሰኔ ጾም ቲማቲሙ ቀላ። እንደ እናቴ ከትፌ ፈተፈትኩና ገበታውን ይዤ ወደዚያኛው ጥግ ሄድኩ። «ሥጋ የለበትም፣ እማማ፣ ዘይት ብቻ ነው» አልኳቸው። ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ዘጠኝ ወር አንድ ግቢ ኖረን ከአንድ ገበታ ስንበላ የመጀመሪያችን ነው። በልተን ስንጨርስ ልጆቻቸው ከመጡ ዓመት እንዳለፈ ነገሩኝ። ድሬዳዋ እኮ እዚሁ ቁልቁል ነው።

ለእናቴም ላክሁ። ያልበሰለውን መርጬ ቅርጫት ውስጥ በጭድ ደልድዬ ለሾፌሩ ሰጠሁት። «ደጃፌ ላይ የበቀለ ነው በላት። ሌላ መልእክት የለኝም» አልኩት። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህራኑ ሁሉ ወደየአገራቸው ሲበተኑ እኔ ቂሜን ታቅፌ ሐረር ከረምኩ። መጥታ ትየኝ እንጂ አልሄድም አልኩ። የዚያን ክረምት ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኅዳር ላይ «እናትሽ ታማለች ቶሎ ነይ» የሚል ቴሌግራም መጣ። የእኛ ሰው ሞት በቴሌግራም አይነግርም፤ ታማለች ካለ አልቋል ማለት ነው። ድሬዳዋ ወርጄ በባቡር፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሦስተኛው ቀን ላይ ደረስኩ። ድንኳኑ ተተክሏል። የእድሩ ሴቶች ወጡን ሠርተው፣ ውሃውን ቀድተው፣ ለቀስተኛውን ተቀብለው፣ ሁሉን በወጉ አድርገዋል። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እንደሸኛት ነገሩኝ። እናቴ እውነቷን ነበር፤ ሐረር ብትሞት ኖሮ የሚያነሳት እኔና አንዲት እስላም ባልቴት ነበርን። አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። እኔ ነበርኩ የጎደልኩት።

እቤት ስገባ ከአልጋዋ ራስጌ አንድ ጣሳ አየሁ። ጣሳው ላይ አንድ እግር ቲማቲም ቆሟል። ፀሐይ እንዳጣ ልጅ መንምኖ ረዝሟል፤ አበባም አልያዘም።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አንቺ ከላክሽው ዘሩን አውጥታ ነው» አለችኝ ጎረቤቷ፣ የእድር ጓደኛዋ። «ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች፤ ሲመሽ ውርጩ እንዳይመታው ታስገባዋለች። ጣሳ ሙሉ ነበር የበቀለው። አንዱን አስቀርታ ሁሉንም ነቀለችው። ኧረ ለእኛም ተይልን ብንላት፣ የእኔ ቤት ሰው አንድ ነው፤ አንድ ይበቃኛል አለች።»

ብቸኛዋ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እናቴ ስንት እግር ይበቃል የሚለውን ሒሳብ ፊደል ሳትቆጥር በትክክል ሠርታዋለች።

ጣሳውን በነጠላዋ ጠቅልዬ አውቶቡስ ውስጥም ባቡር ውስጥም ጭኔ ላይ አድርጌው ተመለስኩ። የአዋሽ ሙቀት ሁለት ቅጠል አረገፈበት። ሐረር ስደርስ ባልቴቷ ጥቁር መልበሴን አዩና «ኢና ሊላሂ» ብለው አቀፉኝ። አቅፈውኝ አያውቁም ነበር። ከዚያ ጣሳውን ተቀብለው ወደ ግንቡ ሄዱ። ከዘሩ መልሰው የተከሏቸውን አምስቱን ቆርቆሮዎች ገፋ ገፋ አድርገው በፀሐዩ በኩል ቦታ ለቀቁለት።

«ስድስተኛ ነው እኮ፣ እማማ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ባልዲዬን አነሳሁና ወደ ቦኖው ወረድኩ።