በላጲስ ያጠፋሁት ኅዳግ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከመጻሕፍት መደብር ደወለልኝ። ከሥራ በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ መማር ጀምሯል።

«እማዬ፣ ሦስት ዓይነት ትርጓሜ አለ። የትኛውን ልግዛ?»

«ትንሽ ቆይተህ ደውል» አልኩትና ኢየሩሳሌም፣ ጊሎ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ከመነኩሴ አክስቴ ጋር እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ እኖር ነበር። ጎረቤታችን ጎንደር ውስጥ ብዙ ተማሪ ያፈሩ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው፣ ከሥራ ስመለስ አነብላቸዋለሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁ እንጂ ትርጓሜ ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ጉባኤ መካከል ስትቀመጥ አላየሁም ነበር።

ለፋሲካ ከጎንደር የመጡ አንድ ቄስ፣ የኔታ የተማሩበት ጉባኤ ቤት መጽሐፍ እንደቸገረው ነገሯቸው። ጓዛቸው ሞልቶ ስለነበር ከአንድ በላይ መያዝ አይችሉም። የኔታ ሦስት የወንጌል ትርጓሜ ነበሯቸው።

«እስቲ አንቺ ምረጪ» አሉኝ።

ወፍራሙን፣ በወርቅማ ቀለም የተጻፈበትን አነሣሁ። የኔታ ከሦስቱም ስለ ዘሪው የሚናገረውን ክፍል አስነበቡኝና ፈገግ አሉ።

«ያነሣሽው ለሰርግ የለበሰውን ነው። ለተማሪ የሚበጀው የሚያርሰው በሬ ነው። አሮጌውን ስጪያቸው።»

የአሮጌው ኅዳግ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ጭረትና በደቃቅ ጽሕፈት ተሞልቷል። ጽሕፈቱን ማንበብ ስለማልችል ዘልዬው ነበር የማነበው። እንዲህ የተዥጎረጎረ መጽሐፍ ከኢየሩሳሌም መላክ ነውር መሰለኝ። ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራውን እያመጣ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በላጲስ ፈገፈግሁት። ከዚያ ደስ ብሎኝ ወሰድኩላቸው።

«የኔታ፣ ኅዳጉን አጽድቼልዎታለሁ።»

እጃቸው ገጹ ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ መምህሬ የነገሩኝ ሁሉ እዚያ ነበር። ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ሁሉ።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ መጽሐፉን አገላብጠው አዩ። «የቆሎ ተማሪ ለጥምቀት እንኳ እንዲህ ታጥቦ አይቼ አላውቅም!» አሉ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ቄሱ የሚሄዱት ከአራት ቀን በኋላ ነበር።

የኔታ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «እርሳስ አምጪ» አሉ። «እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ላጲስ አይነካውም።»

አራቱንም ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ እየቆረስን፣ እሳቸው በቃላቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቦታ ግንባራቸውን ይዘው ይቆዩና «ይህ ጠፋብኝ፤ ባዶውን ተዪው» ይሉኛል። እነዚያ ባዶ ቦታዎች ዛሬም ይቆጩኛል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቃል ላይ አስቆሙኝ።

«መምህሬ ይህን ለምን እንዲህ የተረጎሙት ይመስልሻል?»

ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ፈራ ተባ እያልኩ የመሰለኝን ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ጻፊው» አሉ።

«የእኔን?»

«አዎ፣ ያንቺን። ቦታ አለው አይደል?»

መጽሐፉ ከቄሱ ጋር ሄደ። የኔታም በዓመቱ ዐረፉ። ጎንደር ያሉ ተማሪዎች ያንን ቃል አንብበውት ይሁን አይሁን አላውቅም። በስህተቴ በኩል ትርጓሜ ቤት ያስገባኝን አምላክ ግን አመሰግነዋለሁ።

ልጄ መልሶ ደወለ። «እሺ እማዬ፣ ወፍራሙን ልውሰድ?»

«ከየመጽሐፉ አንድ አንድ ገጽ አንብብና ልብህን የሚያሠራውን ያዝ። እኩል ከሆኑብህ፣ ኅዳጉ ሰፊ የሆነውን። እርሳስም ጨምርበት።»

«ላጲስስ?»

«ላጲሱ ይቅር።»