ዝሆኑና የአባቴ ጆንያ

ዛሬ ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ በለስ በምትልጥ ሴት በኩል ሳልፍ ሽታው የአባቴን ጆንያ አስታወሰኝ።

አባቴ ከወሎ ተሰዶ የመጣ፣ ሐረር ውስጥ መሬትም ዘመድም ያልነበረው ሰው ነው። ያሳደገን የዱር በለስ እየለቀመ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ወደ ኤረር ሸለቆ ተከትዬው ወረድኩ። የአካባቢው ገበሬ አባ ዩሱፍም አብረውን ነበሩ። እኔና እሳቸው የበለሱን እሾህ በቅጠል ስንጠርግ፣ አባቴ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ ወደ እኛ መጣ። ድንገት ከቁልቋሉ መሀል ዝሆን ወጥቶ ፊቱ ቆመ።

አባቴ በለስ መልቀም ከአገሩ ያውቃል፤ ዝሆን ግን አያውቅም። እንደ ዝንጀሮ ሊያባርረው "ሂድ ከዚህ!" ብሎ ድንጋይ አነሳ። ዝሆኑ ጆሮውን ዘረጋ። ልጮህ ስል አባ ዩሱፍ አፌን ያዙኝ። መዳፋቸው ላይ የቀረው እሾህ ከንፈሬን ወጋኝ።

"አንተ ወሎዬ፣ ድንጋዩን ጣል" አሉት ድምፃቸውን ሳያነሱ። "የመጣው ለበለሱ ነው። ጆንያውን አስቀምጥና ወደ ኋላህ ሂድ።"

"የልጆቼ እራት እኮ ነው፣ አባባ!"

"አንተ ከሞትክ እራቱን ማን ይዞላቸው ሊገባ? አቦ፣ ተወው!"

አባቴ ጆንያውን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ዝሆኑ በእግሩ ገልብጦ ከነእሾሁ ይበላ ጀመር።

ማታ እናቴን "ዛሬ በለሱ አልበሰለም" አላት። እኔም የተወጋ ከንፈሬን በእጄ ሸፈንኩ። በማግስቱ ሌላ ጆንያ አጣጥፎ ወጣ።

አሁን አባቴ አርጅቷል፤ ጆሮውም ደክሟል። ተው ብንለው አይሰማም። ዛሬም ማለዳ ብቻውን ወደ ሸለቆው ወርዷል። ይኸው ፀሐይ ጠልቃለች፤ አልመጣም።