ንቫርድ እና የመኸር አበባ ክኒን

በአርመን አገር፣ ከጉምሪ ከተማችን በላይ ባለው ሜዳ፣ ሣሩ ታጭዶ ካበቃ በኋላ፣ ቅጠል የሌላት ሐምራዊ አበባ ብቻዋን ብቅ ትላለች። ላሞቻችን እንኳ ሳይነኩ ያልፏታል። የጎረቤቴ የንቫርድ ክኒን የሚሠራው ከእርሷ ነበር።

ንቫርድ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጉንጉኗ ከወገቧ በታች ስለሚወርድ፣ የስፌት መኪናው እንዳይይዝባት ስትሰፋ አንገቷ ላይ ትጠመጥመው ነበር። በእኛ በአርመኖች ዘንድ ከወላጅ የሚወረስ አንድ ሕመም አለ፤ ትኩሳቱ ድንገት ይነሣል፣ ሆድን እንደ ቢላዋ ይወጋል፣ ከቀናት በኋላ እንዳልነበረ ይሆናል። ንቫርድ ለዚሁ ከልጅነቷ ጀምሮ በየማለዳው ክኒኗን ትውጥ ነበር። እንደ ዳቦና ጨው ስለለመደችው አትፈራውም።

የልጇ የሩቤን ሠርግ ሲቃረብ ብርድ ብርድ አላት፤ የሕመሙ መምጫ ነው። «ጥቂቱ ካስታገሠው ብዙው ይቆርጠዋል» ብላ ማለዳ ላይ የብልቃጡን ክኒን ሁሉ ዋጠችው። ለማንም አልተናገረችም።

የሚያስፈራው ነገር፣ ቀኑን ሙሉ ምንም አልሆነችም። ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠን ለሠርጉ ሥጋና ሩዝ በወይን ቅጠል ስንጠቀልል ዋልን።

«እቴ፣ ይሄ ጥቅልል ነው ትራስ?» አለችኝ የእኔን አይታ።

«እንግዶችሽ ሲሰክሩ ይተኙበታላ!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዷ ተገለባበጠ። ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል፣ ፋታ የለም። ባሏ ሚሳክ «ምን በልተሽ ነው?» ቢላት ባዶውን ብልቃጥ አሳየችው። ግራና ቀኝ ደግፈን ይዘናት ወጣን።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር አርሻሉይስ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሴት ተቀበሉን። «መድኃኒቱ ከሆድ አልፎ ሰውነቷ ውስጥ ገብቷል» አሉ። «ማርከሻ የለኝም። እስኪለቃት ድረስ ደሟንና ልቧን መጠበቅ ነው።»

በማግስቱ ማስመለሱ ቆመ። ሚሳክ በደስታ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አወጣ።

«ተነሺ በይ! ልጁ ያለ እናት ሊዳር ነው?»

«ጋሽ ሚሳክ፣ ጫማውን ይመልሱት» አሉ ዶክተሯ።

«ድናለች እኮ ዶክተር! አሁን እንኳ ጅል ብላኛለች!»

«ስድብ ደም አይሆንም። ይህ መድኃኒት የሰውነት ሕዋሳት እንዳይባዙ ያስራል። ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ያስቀድማል፤ አንጀቷን ያዘ፣ ቀጥሎ ደም የሚሠራው መቅኒዋ ነው። ዝም ሲል ሄደ እንዳትሉ።»

ሚሳክ ጫማውን እንዳቀፈ ቀረ። ንቫርድ ተራ በተራ አየችን። «እኔ እዚሁ ልሁን» አለች። «ሠርጉን ግን እንዳታፈርሱት።»

የሠርጉ ዕለት ድዷ ይደማ ነበር፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሩቤን እናቱ እንድትሰማ ብሎ ሙዚቀኞቹን በመስኮቷ ሥር አሳለፋቸው። ዙርና የሚባለው መለከታቸው ግቢውን አናወጠው፤ እሷ ግን ዓይኗን አልገለጠችም። እኔና ሚሳክ ደረቷ ላይ አፍጥጠን፣ ቀጣዩ ትንፋሽ ይመጣ ይሆን እያልን ቀኑን ገፋነው።

ደሟ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ጠጉሯን ላበጥር ማበጠሪያዬን ሰደድ ባደርግ ጉንጉኗ እንዳለ እጄ ላይ ቀረ። ጮኽሁ። ዶክተር አርሻሉይስ ሮጠው መጡና፣ አይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ደስ ይበላችሁ እንጂ! ጠጉሩ እስኪረግፍ የሚደርሰው የተረፈ ሰው ነው። ደግሞም ይበቅላል።»

ንቫርድ ራሷን በመዳፏ ዳበሰች። «ሚሳክ፣ ስንት ዓመት በበራህ ስቄብሃለሁ። በል ተራህ ነው» አለችው። ሊስቅ ሞከረ፤ አልቅሶ ተወው።

የተወለደችበት ሕመም ግን አልሄደም። ከወራት በኋላ ዶክተሯ ያንኑ ክኒን እንደ ቀድሞው በልክ እንድትጀምር አዘዟት፤ ብልቃጡንም ለሚሳክ ሰጡት። በመጀመሪያው ማለዳ አስጠራችኝ። ሚሳክ አንዲቱን ክኒን መዳፏ ላይ አኖረላት፤ ሁለት ጊዜ ወደ አፏ አስጠግታ መለሰቻት።

«ያዢኝ እቴ» አለችኝ። ያዝኋት፤ ዋጠችው።

መጠኑ ልክ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን። ቢሆንም እስከ ምሳ ድረስ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።